ሁለት ነው የወጣው

ስልኩ ሲጮህ ሊፍት ጠጋኙ በስድስተኛውና በሰባተኛው ፎቅ መካከል፣ ከሊፍቱ ጣሪያ ላይ ተንበርክኮ የገመድ ማሰሪያውን ብሎን እያጠበቀ ነበር። ግራሶ ያልነካቸውን ሁለት ጣቶች ፈልጎ ስልኩን ከደረት ኪሱ መዘዘና በትከሻውና በጆሮው መሃል ወሸቀው።

"ገጹስ?" አለች የማተሚያ ቤቱ አዘጋጅ። ሰላምታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም።

"እየተሠራ ነው።"

"ሦስት ሳምንት ሙሉ እየተሠራ ነው። መጽሐፉ ታርሟል፣ ሥዕሎቹ ገብተዋል፣ ሽፋኑ አልቋል። የቀረን ከጀርባው የሚሄደው ጽሑፍ ነው፤ 'ሰው ከዚህ ጨዋታ ምን ይፈልጋል?' ለሚለው አንድ ገጽ መልስ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ የጻፈ ሰው አንድ ገጽ እንዴት ያቅተዋል?"

"ሰዎቹን እየጠየቅኩ ነው።"

"እንግዲህ ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት ካልደረሰኝ የሰኞው የማተሚያ ተራ ለሌላ ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ መቼ እንደሚደርስህ እኔም አላውቅም።" ዘጋችው።

ጠጋኙ ብሎኑን አንድ ጊዜ ደግሞ አጠበቀው። ከዚያ ሊፍቱን ሦስት ጊዜ ላይና ታች አመላለሰው። አንዴ ይበቃው ነበር። ግን እሱ እንዲህ ነው፤ ለሁሉም ነገር መጠባበቂያ፣ ለመጠባበቂያውም ሌላ መጠባበቂያ ካላበጀ ሆዱ አይረጋም። ሃያ ሁለት ዓመት በሠራበት ሙያ አንድም ሰው በእሱ እጅ ያለፈ ሊፍት ውስጥ ጭረት ነክቶት አያውቅም፤ በዚህ አይኮራም፣ ይልቁንም ነገ ይሆናል እያለ ይሰጋል።

ጨዋታው የአፍ ጨዋታ ነው። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጡና አንዱ ዳኛ ይሆናል። ዳኛው "ከፊታችሁ የፈረሰ ግንብ አለ፤ በሩ ገርበብ ብሏል" ይላል። ሌሎቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው በወረቀት ላይ የፈጠሩትን ሰው ሆነው "እገባለሁ" ወይም "ድንጋይ ወርውሬ አዳምጣለሁ" ይላሉ። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ቁጥር የተጻፈበት ዳይስ ይጣላል፤ የወጣው ቁጥር ይፈርዳል። ጠጋኙና ታላቅ እህቱ ልጆች ሳሉ፣ ጫፏ የተበላ፣ ሠላሳ ገጽ የማትሞላ መጽሐፍ ይዘው ይህንን ሲጫወቱ ነው ያደጉት። መጽሐፏ በአንዱ ቤት ለውጥ ጠፋች። እሱም ካደገ በኋላ የድሮዋን የምትመስል አዲስ ጨዋታ ልሥራ ብሎ ተነሣ። ተነሣና ማቆም አቃተው። ለረጠበ ገመድ ዳይሱ ምን እንደሚፈርድ የሚያሳይ ሰንጠረዥ፣ ለደከመ በቅሎ ሰንጠረዥ፣ ለጨለማ አራት ዓይነት ሰንጠረዥ አበጀ። ሕጉን በመጽሐፍ አድርጎ ለመጻፍ ሦስት ዓመት ፈጀበት።

አዘጋጇ ጥያቄውን ካነሣችበት ጊዜ ወዲህ ያልጠየቀው ተጫዋች የለም። አንዱ "ሕጉ ይብዛ፣ እንዳንጨቃጨቅ" አለው። ሌላው "ሕግ ከበዛማ መሥሪያ ቤቴ ይሻለኛል" አለው። ሦስተኛው ብዙ ካሰበ በኋላ "እንደ ድሮው ይሁን፤ ግን እንደ ድሮው አይሁን" ብሎት ሄደ። ጠጋኙ ይህንን ሁሉ በማስታወሻው ጻፈ፤ ማታ ማታም ያነበዋል።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጫወቱት በጡረታ ላይ ባሉት የጂኦግራፊ መምህር ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ነው። ሰባት ተኩል ላይ ሲደርስ ሦስቱም ቀድመውት ተቀምጠዋል። መምህሩ እርሳስ እየቀረጹ ነው። በኩላሊት እጥበት ክፍል የምትሠራው ነርስ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላለች። ታላቅ እህቱ ሻይዋን ይዛ በመስኮት ታያለች፤ እሷ በውሃ መሥሪያ ቤት የቅሬታ ስልክ ነው የምታነሳው፣ ስለዚህ ቅዳሜ ማንም ቀድሞ ካላናገራት አትናገርም።

"ከመጀመራችን በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ" አለ ጠጋኙ፣ ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ። "ከዚህ ጨዋታ የምትፈልጉት ምንድን ነው? እውነቱን ንገሩኝ።"

"ደግሞ ጀመረው" አለች ነርሷ።

"ቁጭ በል መጀመሪያ" አሉ መምህሩ። "ሰው ቆሞ ሲጠይቀኝ ፖሊስ የመጣብኝ ይመስለኛል።"

ተቀመጠ። ወዲያው ተነሣና መስኮቱን ዘጋ። ተመልሶ ተቀመጠ።

"እኔ ልንገርህ" አለች ነርሷ። "ሳምንቱን ሙሉ ማሽንና ቱቦ ስቆጣጠር ከርሜ ነው የምመጣው። 'ገጽ መቶ አርባን ገልጠሽ የረጠበ ገመድ ሰንጠረዥን እዪ' ስትለኝ ልቤ ውልቅ ይላል። ገመዱ ረጥቧል? ያዳልጣል። አለቀ! ይህን ለማወቅ እኮ ሰንጠረዥ አያሻኝም።"

ጻፈ። "እርስዎስ መምህር?"

"እኔ ካርታውን ራሴ ልሣል። አንተ የሣልከውን አምጥተህ አትዘርጋብኝ። ልሳሳት፣ ልጥፋ፣ በር የሌለበት ቦታ በር አለ ብዬ ልከራከር። ሠላሳ ስድስት ዓመት ያለቀለት ካርታ ሰሌዳ ላይ ሰቅዬ አስተማርኩ። አንድም ቀን የማላውቀው አገር አልገባሁም።"

ይህንንም ጻፈ። ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ። "አንቺስ እትዬ?"

"እኔ እንድትጀምር ነው የምፈልገው" አለች።

ጀመረ። ዶሴውን በፊቱ ግድግዳ አድርጎ አቆመው። ዳኛ ዳይሱን ከዶሴ ጀርባ ነው የሚጥለው፤ ተጫዋቾች ማወቅ የሌለባቸው ነገር አለና ይህ ያለ ነው። ሰዎቻቸውን ባለፈው ሳምንት ከተተዉበት አነሣቸው፦ ከአንድ የፈረሰ ከተማ ሥር፣ ውሃው ከደረቀ የድሮ ማጠራቀሚያ ውስጥ። የነርሷ ሰው ወጌሻ ናት። የመምህሩ ሰው ሽማግሌ ድንጋይ ጠራቢ ነው። የእህቱ ሰው ደግሞ መብራት አብሪዋ ናት፤ በጨዋታው ውስጥ ሁለት ዓመት የኖረች፣ ከማንም ቀድማ የምትገባ፣ ከማንም ኋላ የምትወጣ ደፋር ሴት።

"ወለሉ እዚህ ላይ ያበቃል" አለ ጠጋኙ። "ከፊታችሁ ጥልቅ ገደል አለ፤ ታቹ አይታይም። ከዚህ ወደዚያ አንድ የበሰበሰ ምሰሶ ተጋድሟል። ከማዶ የነሐስ መዘውር በፋኖሱ ብርሃን ያበራል። ከኋላችሁ ደግሞ ያ የመጎተት ድምፅ እየቀረበ ነው።"

"ገመድ?" አለች ነርሷ።

"ገመዱን ባለፈው ሳምንት ጥለነዋል" አሉ መምህሩ ካርታቸውን እያዩ። "እዚህ ጋ። አንጣለው ብዬ ነበር፤ አልሰማችሁኝም።"

"ሮጬ አልፋለሁ" አለች እህቱ።

"እትዬ፣ ምሰሶው እኮ በስብሷል።"

"ሰምቻለሁ። እሮጣለሁ።"

"ከአሥር በታች ከወጣ ትወድቂያለሽ። የሚጎተተውን ነገር ቆማችሁ ልታናግሩት ትችላላችሁ፤ ወይም ግድግዳውን ብትመረምሪ…"

"ወንድሜ፣ ጣል።"

ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ ጣለው። ተንከባሎ በዶሴው ሥር ቆመ። ጠጋኙ አየው፤ ፊቱ ግን አልተለወጠም። ለዚህ ለምዷል።

"አሥራ አራት!" አለ። "ምሰሶው ሲጢጥ አለ፣ አቧራው ቦነነ፣ ግን አለፍሽ።"

ነርሷ አጨበጨበች። መምህሩ እርሳሳቸውን ወደ ካርታው አወረዱ። እህቱ ግን እጇን በጠረጴዛው ላይ ሰደደችና ዶሴውን በአንድ ጣቷ ገፋ አደረገችው። ዶሴው ተጋደመ። እሱ ዳይሱን ሊያነሣ እጁን ሲዘረጋ ዘገየ።

"ሁለት ነው የወጣው" አለች።

አልጮኸችም። ሕዝብ በስልክ ሲሰድባት የምትናገርበት ድምፅ ነው፤ ለስላሳና ቀጥ ያለ።

"እጄ ነክቶት ተገልብጦ ይሆናል…"

"ወንድሜ።"

የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ።

"ስንት ጊዜ ነው?"

"አልቆጠርኩም።"

"መብራት አብሪዋ ስንት ጊዜ መሞት ነበረባት?"

ጠጋኙ ጣቶቹን አየ። ጥፍሩ ሥር የቀረ ግራሶ ነበር፤ እሱን መፋቅ ጀመረ። "አራት። ከዛሬው ጋር አምስት።"

ነርሷ እግሯን ከወንበሩ አወረደች። "ቆይ፣ ቆይ። የእኔስ? የድልድዩ ቀን? በአንድ እጄ ቁስለኛውን፣ በአንድ እጄ ሰንሰለቱን ይዤ የተሻገርኩበት?"

"ያን ቀን ሦስት ነበር የወጣው።"

"እኔ እኮ ያንን ለባልደረቦቼ ሁሉ አውርቻለሁ! ሳምንት ሙሉ አውርቻለሁ!" ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። "ለካ የተሻገርኩት እኔ አይደለሁም። አንተ ነህ እንደ ሕፃን እጄን ይዘህ ያሻገርከኝ።"

"ምዕራፍ ስምንት" አሉ መምህሩ ቀስ ብለው። የመጽሐፉን እርማት ያነበቡት እሳቸው ነበሩ። "'የዳኛው ርኅራኄ' የሚለው። ዳኛው ልቡ ካዘነ ቁጥሩን በሆዱ ይዞ ሌላ ይናገር ይላል። እኔ ለጀማሪ የተጻፈ ምክር መስሎኝ ነበር እንጂ፣ ስለ እኛ መሆኑን አላወቅኩም።"

"ክፉ አስቤ አይደለም" አለ ጠጋኙ። ተነሥቶ ቆሟል፤ መቼ እንደተነሣ አላወቀም። "እትዬ፣ ይህን ስንጀምር አንቺ ገና ከሆስፒታል ወጥተሽ ነበር። ቁስልሽ እንኳ አልደረቀም። ዓይንሽን እያየሁ 'ሞትሽ' ልበልሽ? ምላሴ እንዴት ይታዘዝልኝ?"

እህቱ ሻይዋን አስቀመጠች። ከሁለት ዓመት በፊት ከጡቷ ላይ ዕጢ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላታል፤ በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ግን ማንም ስለዚያ አንሥቶ አያውቅም።

"ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ እንደ እንቁላል ይዞኛል" አለች። "መሥሪያ ቤት ስስቅ ዝም ይላሉ፤ ዝም ስል ይደነግጣሉ። አለቃዬ ባጠፋ እንኳ አይቆጣኝም። ጎረቤቴ ባልዲ እንዳላነሣ ከደረጃው ሥር ትጠብቀኛለች። እዚህ ለምን የምመጣ ይመስልሃል? እዚያ ጨለማ ውስጥ ያለው ድንጋይ መታመሜን አያውቅም ብዬ ነው። ምሰሶው አያዝንልኝም ብዬ ነው። ካለፍኩ እኔ አለፍኩ፤ ከወደቅኩም እኔ ወደቅኩ። የምፈልገውን ጠየቅከኝ አይደል? ይህችን ብቻ ነበር። ይህችንም ወሰድክብኝ።"

ተነሥታ ወደ ሰገነቱ ወጣች። በሩን ዘጋችው።

ጠጋኙ ሁለት እርምጃ ተከተላት።

"ተው!" አለች ነርሷ። "አሁን ሄደህ ልታባብላት ነው አይደል? በሽታህ እኮ ይኸው ነው።"

ቆመ። ወደ ወጥ ቤት ገባ፣ ቧንቧውን ከፈተ፣ ዘጋ። ብርጭቆ አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ። ሰዓቱን ቢያይ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው። ማስታወሻውን አወጣና የሦስት ሳምንቱን ጥያቄና መልስ ገለባበጠው፤ ሁሉም ስለ ሕግ ብዛትና ስለ ሰንጠረዥ ነበር። አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው፣ እንደገና አወጣው። ከምግብ ክፍሉ የመምህሩ እርሳስ ወረቀት ላይ ሲሄድ ይሰማል፤ ሰውዬው ምንም እንዳልሆነ ካርታቸውን እየሣሉ ነበር።

የሰገነቱ በር ሲከፈት ሁሉም ቀና አሉ። እህቱ መጥታ ቦታዋ ተቀመጠች። ዓይኗ ቀልቷል።

"ና ተቀመጥ" አለችው። "ሁለት ነው። ንገረኝ።"

"እትዬ…"

"ዳኛ አይደለህ? ንገረኝ።"

ጠጋኙ ተቀመጠ። አፉን ሲከፍት አእምሮው የለመደውን ማምጣት ጀመረ፦ ከገደሉ ግድግዳ የወጣች ድንጋይ ብትኖር፣ ልብሷ ችንካር ላይ ቢያዝ፣ ከታች ጥልቅ ውሃ ቢሆን። አንዱ ባይሠራ ሌላው፣ ሌላው ባይሠራ ሦስተኛው። ሦስቱንም አንድ በአንድ ዋጣቸው።

"ምሰሶው መሃሉ ላይ ተሰበረ" አለ። "መብራት አብሪዋ ወደቀች። ፋኖሷ ሲወርድ፣ እያነሰ ሲሄድ ይታያል። ከዚያ አይታይም።" ቀና ብሎ እህቱን አየ። "ሞተች።"

መምህሩ ገደሉን በሣሉበት ቦታ ላይ ትንሽ ምልክት አደረጉ። ነርሷ፣ በሥራዋ ስንት ሞት ያየችው ሴት፣ በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች።

"ጥሩ ሴት ነበረች" አለች እህቱ በመጨረሻ። "ደፋር። ትንሽ ቂል ቢጤ።"

"ትንሽ?" አሉ መምህሩ። "የበሰበሰ ምሰሶ ላይ የምትሮጥ?"

ሳቁ። እህቱ ሳቀችና ሳቋ ወደ ልቅሶ ሄደ፣ ከልቅሶው ወደ ሳቅ ተመለሰ፤ ሲያልፍላት ከባድ ሸክም እንዳወረደ ሰው ትከሻዋን አንቀሳቀሰች። "በሉ ወረቀት ስጡኝ" አለች። "ሌላ ሰው እወልዳለሁ። ዳይሱንም ወዲህ በል፤ ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም መሃል ጠረጴዛው ላይ ነው የሚጣለው።"

የአዲሷን ሰው ዐቅም በዳይስ ለማውጣት አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ጉልበት አራት ወጣ። ብልሃት አሥራ አንድ። ዕድል ስድስት። የጉድጓድ ጠራጊ ናት፤ ጥርሷ የወላለቀ፣ ጨለማ የምትፈራ፣ ጓደኞቿን ፍለጋ ማጠራቀሚያው ውስጥ ገብታ የጠፋች።

"ይህችማ እስከ አሥር ሰዓትም አትዘልቅ" አለች ነርሷ።

"እናያለን።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጠጋኙ ለብዙ ቀን ያስበዋል። ቀድሞ ምንም ሳያመነቱ ዘው ይሉበት በነበረው መተላለፊያ ላይ ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። ነርሷ ንፋስ ከየት እንደሚገባ ለማየት ዱቄት ወለሉ ላይ በተነች። መምህሩ ያልጠየቁት ማዕዘን አልነበረም፤ "ጣሪያውስ? ጣሪያውን ማን አየ?" ይሉ ነበር። ጠራጊዋ ለሚጎተተው ነገር የጫማዋን ማሰሪያ ወጥመድ አድርጋ ዘረጋችለትና በዕድል ስድስት፣ በጉልበት አራት፣ ገደሉ ውስጥ ከተተችው። ዳይሱ መሃል ላይ ሲንከባለል አራቱም ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አሉ። አሥራ ሰባት ወጣ። ነርሷ ጮኸችና ከታችኛው ፎቅ ሰው በመጥረጊያ ጣሪያውን መታ። ጠጋኙም ጮኋል። የሚሆነውን አላወቀም ነበር።

ስልኩ ሲጮህ አሥር ሰዓት ሆኗል።

"እህስ?" አለች አዘጋጇ።

"ገጹ አልደረሰም" አለ። "መጽሐፉም አልደረሰም። ተራውን ለሌላ ስጪው።"

"ምን? አበድክ እንዴ? ሦስት ዓመት እኮ ነው!"

"ምዕራፍ ስምንት ይወጣል። እሱ ሲወጣ በእሱ ላይ የቆመው ሁሉ አብሮ ይወጣል፤ ግማሹ ሰንጠረዥ ሰው እንዳይወድቅ ተብሎ የተሠራ ነው። ስጨርስ ምናልባት አርባ ገጽ ይተርፈኝ ይሆናል።"

"አርባ ገጽ የምን መጽሐፍ ነው? ማስታወሻ ደብተር በለው! ተራው መቼ እንደሚመለስልህ ግን ቃል አልገባም።"

"ይሁን" አለ። ስልኩንም ዘጋው። ሦስት ዓመት ነው፤ ከአፍ እንደወጣ ቃል አይመለስም። ሦስቱም እያዩት እንደሆነ ሲያውቅ ዳይሱን አንሥቶ ለነርሷ አቀበላት። "ተራሽ ነው" አላት።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተበተኑ። ሕንጻው ሊፍት የለውም፤ ወንድምና እህት ደረጃውን አብረው ወረዱ። እሱ ከፊት፣ እሷ የደረጃውን ብረት ይዛ ከኋላ።

"ማክሰኞ ሐኪም ቤት ነኝ" አለች ሁለተኛው ፎቅ ላይ። "የምርመራ ውጤት።"

"አውቃለሁ።"

"እኔ ሳልነግርህ?"

ጠጋኙ ቆመ። አንድ ጊዜ ያወረደውን እግር መልሶ አወጣው። "ቀዶ ሕክምናው ጊዜ ካርድሽ ላይ የተጻፈው የእኔ ስልክ ነው። እስከ ዛሬ አልተቀየረም። ለእኔ ነው የሚደውሉት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ እኔ እሰማና አለሳልሼ እነግርሻለሁ።"

እህቱ ብረቱን በሁለት እጇ ያዘች። "ምን አለሳለስክልኝ?"

"ባለፈው ክረምት 'ማሽኑ ተበላሽቶ ነው ምርመራው የተደገመው' ያልኩሽ… ማሽኑ አልተበላሸም ነበር። ተጠራጥረው ነው። ኋላ ደህና ሆኖ ወጣ። ይህ እውነት ነው፤ ደህና ሆኖ ነው የወጣው።"

ከታች የሆነ በር ተዘጋ።

"የማክሰኞውስ?"

"የማክሰኞውን አልሰማሁም። ውጤቱን ሰኞ ጠዋት ደውለን እንነግርሃለን ብለዋል።" ስልኩን አወጣ። ቁጥሩን ፈለገ። "ካርድ ክፍሉ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ክፍት ነው።"

ሦስት ጊዜ ጠራ። አንዲት የደከማት ሴት አነሣች።

"እንደምን ዋልሽ" አለ ጠጋኙ። "የአንዲት ታካሚ ወንድም ነኝ። ካርዷ ላይ ያለው የመጠሪያ ስልክ የእኔ ነው፤ እንዲቀየር ፈልጌ ነው። አዎ፣ ከአሁን ጀምሮ። ወደ እሷ።" አዳመጠ። "አይ፣ ቁጥሯን እኔ አልነግርሽም። እዚሁ አለች።"

ስልኩን ወደ ላይ ዘረጋላት። እህቱ አየችው፤ ቀጥላ ስልኩን ተቀበለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ቁጥሯን አንድ በአንድ መጥራት ጀመረች። እሱ ሁለት ደረጃ ወርዶ ጠበቃት።